ያልተነሳችው ሩር

በገና ዕለት ፊታውራሪ ይመኑ ወደ ሜዳ ሲወርዱ አገር ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ወጣቶቹ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ ሩሯን፣ ሲመቱ አይተው፣ "ይኼም አመታት ሆኖ ነው? እግር ከፈት! ወገብ ዞር! ዓይን ከሩሯ አይነቀል!" ብለው ሊያስተምሩ ዱላውን ተቀበሉ። ሰነዘሩ። ነፋሱን ክፉኛ ጎዱት፤ ሩሯ ግን ንቅንቅ አላለችም። ደገሙ፤ ካባቸው ብቻ በረረ።

አንድ አፈኛ ገበሬ ከት ብሎ ሳቀ።

"አንተ!" አሉ ፊታውራሪው፤ "ሳቱ ካልክ ስለ ድፍረትህ፣ መቱ ካልክ ስለ ውሸትህ ትገረፋለህ። በል ተናገር!"

ገበሬው እጅ ነስቶ መለሰ፦

"ጌታዬ፣ የእርስዎ አመታትማ ምን ይወጣለታል! ባለጌዋ ሩሯ ናት። እርስዎ ሲመጡ ሁላችን ስንነሳ እሷ ብቻ አልተነሳችም። ግርፋቱ የሚገባው ለእሷ ነው፤ ካገኟት!"