መብራቱ እስኪመጣ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ስሙን ተይው፣ ምን ያደርግልሻል። ትንሽ ካሜራና ጠዋት ጠዋት ብርሃን የሚሞላት አንዲት ክፍል ነበረችው። መስኮቱ አጠገብ ነጭ አንሶላ ወጥሮ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ ሰውም ይወድለት ነበር።

በኋላ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፎቶ ቤት ተከፈተ። ጃንጥላ የሚያህል መብራት፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ ምኑ ቅጡ! የእኛ ሰው በአንሶላው አፈረ። አይፈረድበትም፤ ሰው ምን ይለኛል የማይል ማን አለ? አንሶላውን አጣጥፎ አስቀመጠና እሱም እንደዚያ ያለ መብራት አዘዘ። በሩ ላይ «ዕቃችን ሲገባ እንከፍታለን» ብሎ ለጠፈ።

አንድ ቀን አንዲት የገበሬ ሚስት መጡ፤ ሸምገል ያሉ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ባለቤቴ ታሞብኛል» አሉት። «በዕድሜው አንድ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ልጃችን ዓረብ አገር ከሄደች ዓመታት ሆናት። ሳትደርስበት ብትቀር፣ መልኩን እንኳ ትየው ብዬ ነው።»

አንጀቱን በሉት። ካሜራው እጁ ላይ ነው። ግን እንዲህ ያለ ፎቶ እንዴት በዚህች ዕቃ ይነሳል ብሎ አሰበ። ክፋት የለበትም፤ ያማረ ሊሰጣቸው ፈልጎ ነው።

«እማማ፣ መብራቱ መንገድ ላይ ነው። የዛሬ ሳምንት ቤት ድረስ መጥቼ እንደ ንጉሥ አድርጌ አነሳቸዋለሁ።»

መርቀውት ሄዱ።

መብራቱ እውነትም በሳምንቱ ገባ። በጋሪ ጭኖ ገበሬው ቤት ሲደርስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ልጅቱም ከቀብር በኋላ ደርሳለች። እንደምታውቂው በለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይለቀሳል። የሷ አባት ግን ፎቶ የላቸውም። ጋቢያቸውንና ዱላቸውን ታቅፋ «መልኩስ? የአባዬ መልክ ጠፋብኝ እኮ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ፎቶ አንሺው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

እናትየው አዩት። አልተቆጡም። «መጣህ ልጄ? ግባ፣ እህል ቅመስ» አሉት። ይሄኔ ነው የባሰበት።

ሰልስቱ አልፎ ልጅቱ ልትመለስ ስትል፣ በጠዋት ያቺን ትንሽ ካሜራ ብቻ ይዞ መጣ።

«እማማ፣ እርስዎን ላንሳዎት።»

«ውይ፣ እኔን ምን ያደርግልሃል? ያውም ጸጉሬን ተላጭቼ፣ ጥቁር ለብሼ!»

ልጅቱ ግን ክንዳቸውን ይዛ በሩ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። እሱም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ብርሃኑ በቂ ነበር። ልጅቱ የእናቷን ፎቶ ጉያዋ ከታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ «ባለችኝ ካሜራና በአንሶላ ፎቶ ቤት ልክፈት፣ ወይስ የባለሙያ ዕቃ እስክገዛ ልቆይ?» ብለሽኝ ነበር። መብራት ክፉ ነው አልልሽም፤ ስታገኚ ግዢ፣ ያምርልሽ። ግን ዕቃው ዘገየም ፈጠነም ይመጣል፤ የማይቆየው ሰውየው ነው። ደግሞስ እኔ ራሴ ስንት ዓመቴ ነው? በይ፣ ያቺን ካሜራሽን አውጫት፤ መስኮቱ ጋ ልቀመጥልሽ።