የአንጓች ጎተራ

ከድሮም ድሮ፣ ይህ ባዶ ጉብታ መንደር በነበረበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ጠጋ በሉ፤ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። አንጓች ርስት የላት፣ ባል የላት፤ የሰው ጎተራ በጭቃ እየመረገች ነበር የምትኖረው። ከወለደቻቸው ሁሉ አንድ ልጅ ብቻ ተረፈላት። ስሙን ቢያድግልኝ አለችው። አደገላትም፤ ጎረምሳ ሆነ።

መንደሩ ለክፉ ቀን ማሽላ የሚያጠራቅምበት ትልቅ የጋራ ጎተራ ነበረው። እህሉ ከላይ በአፉ ይገባል፣ ከታች በቀዳዳው ይወጣል። ቀዳዳው ውታፍ አለው። አንድ ዓመት ዝናብ ቀረና ውታፉ ተነቀለ። እህሉ ጥቂት ፈሰሰና ቀጥ አለ። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ቀዳዳው ክፍት ነው፣ የሚወርድ ነገር ግን የለም። ወንዶቹ በእንጨት ወጉት፣ ተሳደቡ፣ ሰይጣን ገብቶበታል አሉ። እናንተስ ብትሆኑ ሌላ ምን ትሉ ነበር? አንጓች መጣች። ፍሬው ከቀዳዳው በላይ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንደቆመ ነገረቻቸው። ጎኑን በመዳፏ እየመታች ዞረችው። ፈሰሰ።

በሁለተኛውም ዓመት ዝናብ ቀረ። እህሉም ቀጥ አለ። ያቺን ድሃ ሴት ማን ይጥራ? ጉልበት አለን ያሉት ከላይ ወጥተው እግራቸውን በአፉ እየሰደዱ ረገጡት፣ ድንጋይ ጫኑበት። በረገጡት ቁጥር ጠነከረ፤ የጎተራውም ጎን ተሰነጠቀ። አንጓች መጣች። ውረዱ፣ እህል ሲጫኑት ይተሳሰራል እንጂ አይወርድም አለቻቸው። ድንጋዩን አስወረደች፤ ጎኑን በመዳፏ እየመታች ዞረችው። ፈሰሰ። ስንጥቁንም መረገችው፤ እግዜር ይስጥሽ ያላት ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ሰው ማለቅ ጀመረ። ቢመረግም በተሰነጠቀው በኩል እርጥበት ገብቶ ማሽላው ተጋግሮ ነበር። አንጓች መጣች። እጇ እስኪላጥ እየመታች ዞረችው። አልፈሰሰም። እንግዲህ ከላይ ገብቶ የሚሰብረው ሰው ያስፈልጋል፤ የጎተራው አፍ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ቀጭን ሰው ካልሆነ አያስገባም። ቢያድግልኝ እኔ እገባለሁ አለ። እናቱ ለመነችው፣ እምቢ አለ። ልጇ ሳይወጣ ማንም ውታፉን እንዳይነቅል አስማለቻቸው። ሁሉም ማሉ። ውታፉ ተመለሰ፤ ልጁ ገባ፤ እሷ ከላይ አፉ ላይ ተቀመጠች።

ታች ግን የሚያለቅሱ ሕፃናት አሉ። ማሽላው ሲሰበር ሰዎቹ ድምፁን ሰሙና አላስቻላቸውም። ውታፉን ማን እንደነቀለው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ እኔ ግን ሁሉም ናቸው እላለሁ።

ማሽላው ከእግሩ ሥር ከዳው። ጉልበቱን ዋጠው፣ ወገቡን ዋጠው። እናቱ እጁን ይዛ ጎተተች፤ እህሉ ግን አጥብቆ ይዞታል።

«ዝጉት! ልጄ ውስጥ ነው፣ ዝጉት!» አለች።

ታች እህል ያዩት ሴቶች እልል ይላሉ። ወንዱም ሴቱም፣ መንደሩ ሁሉ እልል አለ። ማንም አልሰማትም። የልጇ እጅ ከእጇ ወጣ።

ከዚያ መፍሰሱ ቆመ። ሰዎቹ ወደ ላይ ቀና ብለው፣ «አንቺ አንጓች፣ ደግሞ ቆመብን፤ እስቲ ምቺው» አሏት።

አልመታችም። ወርዳ መጥረቢያ አነሳችና ጎተራውን አፈረሰችው። ልጇ ከማሽላው ጋር ወጣ። ትንፋሽ አልነበረውም።

ማሽላውን ምን አደረጉት ትሉኝ ይሆናል። በሉት። ረሃብ ነው፣ ምን ያድርጉት? አንጓችም ድርሻዋን ፈጭታ በላች፤ እያለቀሰች በላች። ብዙም አልቆየች፤ መንደሩም ተበተነ።

ከዚያ መንደር የወጣን ሰዎች ዛሬም ጎተራ ስንከፍት እልል አንልም። ዓመቱ ጥጋብ ቢሆንም አንልም። ውታፉን የያዘው ሰው «ውስጥ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን እናዳምጣለን። እንግዳ ሰው ይስቅብናል። ይሳቅ። አባቶቻችን የነፈጓትን ዝምታ ነው የምንሰጣት። ምን ያደርግላታል? ልጇ እንደሆነ አይመለስ።