የአስናቀን ጓንት ማን ይያዝ?

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ መቆም የነበረበት ዝናብ እስከ ኅዳር ዘለቀ። የታጨደው ጤፍ ማሳው ላይ እንደተኛ ሻገተ። በዚያ ኅዳር፣ ሰንበሌጥ አፋፍ በምትባል የገበሬ መንደር፣ የአያ ቢምረው ልጅ አስናቀ ከረጅም ሕመም በኋላ በሬሳ ሣጥን ሆኖ በመኪና ወደ አባቱ ደጅ መጣ።

አስናቀ ቦክሰኛ ነበር። በዘመኑ ከአገሩ ቦክሰኞች እሱን ጥሎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን የወሰደ አልተገኘም። ስሙን በሬዲዮ ያልሰማ የለም፤ ከአባቱ በቀር። አያ ቢምረው ልጁ ከቤት የወጣ ቀን፣ «በአደባባይ ፊቱን የሚያስመታ ልጅ አልወለድሁም። ደጄን እንዳይረግጥ» ብሎ ነበር። ይህን የተናገረው አንድ ጊዜ ነው። አያ ቢምረው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ የተናገረውንም አያጥፍም። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ሬዲዮ አልተከፈተም።

በሰንበሌጥ አፋፍ ስም ያለው ሰው ሲሞት፣ ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ሜዳ ላይ ይለቀሳል። ጠመንጃ የነበረው እንደሆነ ጠመንጃው፣ ፈረሰኛ የነበረ እንደሆነ ኮርቻው፣ መሀል ሜዳ አልጋ ላይ ይዘረጋል። ከዚያ አንድ ሰው ዕቃውን አንሥቶ በለቀስተኛው ፊት ሜዳውን ይዞራል። ያን ሰው የሚመርጠው የሟቹ አባት ነው። ዞሮ የጨረሰው ዕቃውን ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በሟቹ ፋንታ ለአባትየው ልጅ ይሆናል። ሲያረጅ ይጦረዋል፤ ሲሞት አፈር ያለብሰዋል። ስለዚህ የሚመረጠው ዕቃ ተሸካሚ ብቻ አይደለም።

አልጋው ላይ የተዘረጋው አንድ ጥንድ ቀይ ጓንት ነበር። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ ማሰሪያው በላብ ጠቁሯል።

«ማር ቆራጭ የሚያጠልቀው ነው እንዴ?» አለ አንዱ ገበሬ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል! ሰውዬው ይሰማሃል» አለው ጎረቤቱ።

አያ ቢምረው ሰምቶ ነበር። በትሩን ተደግፎ እንደቆመ ቀረ።

አልቃሿ ይርገዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ መሀል ገባች። ስንት ጀግና አልቅሳለች፤ ቦክስ የሚባል ነገር ግን አይታ አታውቅም። ጀግና ማለት ገዳይ ነው ብላ፣ እንደለመደችው ጀመረች፦

«ጠመንጃ አልያዘ፣ ጎራዴ አልታጠቀ፣
በባዶ እጁ ሄዶ ስንቱን አደቀቀ፤
ፊቱ የቆመ ሁሉ አንድ ሳይቀር አለቀ፣
ወንድ አይወለድም እንግዲህ ከአስናቀ።»

ሕዝቡ ደረቱን መታ። ከኋላ አፍንጫው የተጣመመ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ እንግዳ ሰው እጁን አነሣ።

«ይቅርታ እማማ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ ነበር፤ ይኸው አላለቅሁም።»

ይርገዱ ቆመች። «ታዲያ ምን ሆንህ?»

«ተሸነፍሁ። ጣለኝና አቅፎ አነሣኝ።»

«ጥሎ ያነሣ! ኧረ ይኼ ምን ዓይነት ጦርነት ነው?» አለች። በለቅሶ መሀል አንዳንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

አያ ቢምረው እንግዳውን አየው። ሬሳውን ይዞ የመጣው ሰው ነው። የሾፌሩ ረዳት መስሎት ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከሾፌሩ ጋር በረት አጠገብ ሲያሳድረው ስሙን እንኳ አልጠየቀውም።

ሽማግሌው አያ ጠገናው ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። «ቢምረው፣ ደመናው ይታይሃል። ሰው ሳይበተን ተናገር። ጓንቱን ማን ይያዝ?»

ሦስት ሰዎች ከየቦታቸው ተነሥተው መጡ።

መጀመሪያ የተናገረው የአስናቀ ታላቅ ወንድም ምናለ ነው። «ዓይኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለቡሄ ስንገራረፍ ጅራፍ ሲመጣበት ይጨፍን ነበር። ሳይጨፍን እስኪቆም ድረስ ገረፍሁት። ቡጢ ሲመጣበት ያልጨፈነው ከዚያ ወዲያ ነው። ሊሄድ ሲል ደግሞ ‹ሂድ፣ የአንተንም እርፍ እኔ እይዛለሁ› አልሁት። ያዝሁም።» ሜዳው ላይ ያለ ሁሉ ይህ እውነት መሆኑን ያውቃል። ምናለ የሁለት ሰው እርሻ ሲያርስ ሠርጉን ከዓመት ዓመት አሳለፈው፤ የታጨችለት ልጅ ቤተሰቦች መጠበቅ ሰልችቷቸው ለሌላ ዳሯት። ዛሬም ብቻውን ነው።

«ታሞ ሳለ ሄደህ ጠይቀኸዋል?» አለው አያ ጠገናው።

«አልጠየቅሁም።»

«እንዴት?»

ምናለ ወደ አባቱ ዞረ። «አባዬ ደጄን አይርገጥ ብለው ነበር። እሱ የእኛን ካልረገጠ እኔ የእሱን እንዴት ልርገጥ?»

አያ ቢምረው ፊቱን ወደ አልጋው መለሰ።

ቀጥሎ ከከተማ የመጣው አሠልጣኝ፣ ሃምሳ አለቃ ተካልኝ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ አንገቱ ላይ አሮጌ ነጭ ፎጣ አለ። «እጁን የሠራሁት እኔ ነኝ። እህል በረንዳ ጆንያ ተሸክሞ አገኘሁት። እኔ ቤት አሳደርሁት፤ የእግር አጣጣሉን፣ የእጅ አሰነዛዘሩን አሳየሁት። ክለባችን ‹አስናቀ ይበቃዋል፣ ወጣት እንፈልጋለን› ብሎ ያስወጣው ቀን፣ እኔም ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አብሬው ወጣሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «በመጨረሻው ግጥሚያ ጓንቱን ሳስርለት እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ፎጣው እዚሁ አንገቴ ላይ ነበር። ‹ተካልኝ፣ ፎጣውን ብትወረውር ሁለተኛ አላናግርህም› አለኝ።»

«ፎጣ መወርወር ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ይርገዱ።

«‹ልጄን ይበቃዋል፣ አትምቱብኝ› ማለት ነው፣ እናቴ።»

«ወረወርህ?»

«አልወረወርሁም። ሻምፒዮን ነበር። ‹አታዋርደኝ› ሲለኝ እንዴት ላዋርደው?»

በመጨረሻ አፍንጫው የተጣመመው ሰው ቀረበ። «ቶሎሳ እባላለሁ አባባ፤ ከነቀምት በኩል ነኝ። በዚያ ግጥሚያ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። ሜዳው አጉረመረመ። ቶሎሳ ማጉረምረሙ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ያን ቀንም በነጥብ ያሸነፈው እሱ ነበር፤ ዳኞቹ እጁን አንሥተውለታል። ከመድረኩ ሲወርድ ግን ደረጃው ጠፋው። በሳምንቱ ቃል ይጠፋው ጀመር። እኔ ጓንቴን ሰቀልሁ፤ ሁለተኛ አላጠለቅሁም። ወደ ቤቴ ወሰድሁት። አጎረስሁት፣ አጠብሁት፣ ጢሙን ላጨሁት። ሰው ሲጠይቀው እኔ መለስሁለት። ስድስት ዓመት አፍ ሆንሁት።»

«እየተንቀጠቀጠ እያየኸው ለምን መታኸው?» አለ ምናለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ደወሉ ገና ነበራ፣ ወንድሜ። ደወል ሳይደወል እጁን የሚያወርድ ቦክሰኛ የለም። እሱም አያወርድም ነበር።»

ከዚያ ቶሎሳ ሳይጠየቅ አንድ ነገር ጨመረ። «በመጨረሻ ስሜን ረሳው። አባዬ እያለ ይጠራኝ ነበር። አይደለሁም ብዬ አልነገርሁትም።»

የአያ ቢምረው በትር ጭቃው ውስጥ ጠለቅ አለ።

ከለቀስተኛው አንድ ጎልማሳ፣ «ጥንድ ነው እኮ! ለሁለቱ አንድ አንድ ስጣቸው» አለ።

«ለሦስተኛውስ?» አሉት።

«አልጋውን ያንሣ!»

«አንተ ከመዳኘትህ በፊት በሬህ ማሽላዬን መብላቱን ባስቆምህ» አለው ባለ ማሳው።

አያ ጠገናው እጁን ዘርግቶ ዝም አሰኛቸው። «ቢምረው፣ እነዚህ ሁሉ ከከበዱህ አንተው ያዘውና ዙር። አባቱ አንተ ነህ።»

«እኔ ከቤት ከወጣ ወዲህ አንድ ቀን አላየሁትም» አለ አያ ቢምረው።

ያን ቀን ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ወደ አልጋው ሄደ። አንዱን ጓንት አነሣና እጁን አስገባበት። ለምን እንዳስገባ እሱም አያውቅም። ውስጡ በልጁ ጣቶች ተቀርጿል። እርፍ ያደነደናቸው የአባትየው ጣቶች፣ እያንዳንዳቸው የተሠራላቸው ቦታ ያገኙ ይመስል ገጠሙ። የጡጫው ልክ፣ የአውራ ጣቱ አጎነባበስ፣ ሁሉ የእሱ ነው። ያን እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የያዘው፣ ልጁ ገና እርፍ ሲለምድ ነበር። ጓንቱን ቶሎ አወለቀ።

ሦስቱን ከሩቅ አያቸው። አንደኛው ቃሉን ጠብቆለታል፤ ያ ቃል ባይኖር ኖሮ ወንድሙን ባየው ነበር። ሁለተኛው ከአባት አፍ መውጣት የነበረበትን «ይበቃዋል» ዋጥ አድርጎ አስቀርቷል። ሦስተኛው በአባትነት ስም በእሱ ፋንታ ተጠርቷል። አንዱን ልጅ ሲያደርግ ሁለቱን ከደጁ ሊመልስ ነው። ሰው ከደጅ መመለስ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አልጋው ላይ ተዘርግቶ አየው።

ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀመረ።

አያ ቢምረው ወሰነ። ሁለቱን ጓንቶች በማሰሪያቸው አጋጠመና፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ በምራን በሚያስርበት አቋጣጠር ቋጠራቸው፤ ማንም እንዳይለያያቸው። ከዚያ ወደ አልቃሿ ዞረ።

«ይርገዱ፣ ግጥሙን አቅኚው።»

«ምን ልበል አያ ቢምረው?»

«ማንንም አልገደለም በይ።»

ይርገዱ ዓይኗን ወደ ጓንቱ መለሰች። ነጠላዋ በዝናብ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ያዘችው፦

«ነፍስ ያላጠፋ፣ መትቶ የሚያቅፍ፣
ጥሎ የሚያነሣ፣ ወዳቂ የሚደግፍ፤
እሱ የወደቀ ቀን ማን ደርሶ ይደግፍ?»

አያ ቢምረው በትሩን አልጋው ላይ ጣለና ወደ ሦስቱ ሄደ። ምናለ መሬት መሬት ያያል። ሃምሳ አለቃው ፎጣውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ቶሎሳ እጆቹን ከኋላው ደብቋል። ለመቀበል እጁን የዘረጋ አልነበረም። አያ ቢምረው ከሦስቱ በአንደኛው ፊት ቆመ፤ የተቋጠረውን ጓንት አንገቱ ላይ አጠለቀለትና፣ «ዙር፣ ልጄ» አለው።

ያ ሰው በዝናቡ ውስጥ ሜዳውን ዞረ። ሁለቱ ከኋላው ተከተሉ፤ አባትየው ከሁሉም ኋላ።

ማን እንደነበረ በሰንበሌጥ አፋፍ ያለ ሁሉ ያውቃል። ልክ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ በእርሻም በገበያም ይከራከሩበታል። እኔም ስሙን ሳልነግራችሁ ጥያቄውን ለእናንተ እተወዋለሁ። ዓይን የሰጠው ወንድም አለ፤ ደጁን ግን አልረገጠም። እጅ የሰጠው አሠልጣኝ አለ፤ ፎጣውን ግን አልወረወረም። አፍ የሆነው ባላጋራ አለ፤ አፉን የዘጋው ግን እሱ ነው። በዚያ ዝናብ በአያ ቢምረው ቦታ እናንተ ብትቆሙ፣ የአስናቀ ጓንት የሚገባው ለማን ነበር?