መጀመሪያ የሚታየው ፊት

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ያ የዋንዛ ዛፍ ገና የሰው ቁመት ሳለ፣ እዚችው ሆስፒታል በር ላይ አንድ ነገር ገጠመኝ። ወረፋችሁ እስኪደርስ ልንገራችሁ። ግን ወሬዬን ተገን አድርጎ ማንም የወረፋ ድንጋዩን ወደፊት እንዳያንፏቅቅ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘበኛ ስሆን አንድ የወረፋ ሌባ አላመለጠኝም።

ሆስፒታላችን ትንሽ ናት፤ ታውቋታላችሁ። ካርድ ክፍል አለ፣ ማዋለጃ አለ፣ ደምና ሽንት የሚመረመርበት ላቦራቶሪ አለ፣ መድኃኒት ቤቱም መድኃኒት ባለበት ዕለት አለ። የዓይን ሐኪም ግን የለንም። የዓይን ሐኪሞች በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር፣ ከከተማ በመኪና መጥተው አምስት ቀን የዓይን ሞራ ሲገፍፉ ሰንብተው ይሄዳሉ። አምስት ቀን፣ ሰማንያ ሰው። የሚመጣው ሕዝብ ስንት ነው ብትሉኝ፣ እግዜር ይቁጠረው። ስለዚህ ሰዉ ይህ የዓይን ዘመቻ ሳይጀመር ቀደም ብሎ ይመጣና በግንቡ ሥር ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ወረፋ ነው። ባለቤቱ አጠገቡ ከሌለ ግን ያው ድንጋይ ነው፤ አንሥቼ እወረውረዋለሁ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከወንዙ ማዶ፣ ሽንብራ ሜዳ በሚባል መንደር፣ እማማ ዘርትሁን የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይናቸው አያይም። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ አንዳርጌ ገበሬ ነው። መካከለኛዋ ማሬ ትዳሯን ትታ መጥታ እናቷን እጃቸውን ይዛ የምትመራ ናት። ትንሹ ይልቃል ደግሞ ከታላቁ ጋር በአንድ በሬ ተጣልቶ፣ በሰው ፊት በጥፊ ተመትቶ፣ «ይህን አገር ዳግመኛ ብረግጥ እግሬን ይቁረጠው» ብሎ ምሎ ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነው። ሲወጣ ጢም አላበቀለም ነበር።

«ዓይኔን ያጠፋው ለይልቃል ያለቀስኩት ለቅሶ ነው» ይላሉ እማማ። ሲስተር ሰሎሜ፣ የኛዋ ነርስ፣ «ኧረ ሞራ ነው እማማ፤ ለቅሶ ሞራ አያመጣም» ትላቸዋለች። እኔ እንጃ።

እንግዲህ የነገሩ ሥር እዚህ ነው፤ ጆሮ ስጡኝ። በእማማ ቤት ምርቃት የሚሰጠው ለአንድ ልጅ ነው። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ ከሰባት ልጆች መሐል እጃቸውን የጫኑት በእሳቸው ራስ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስድስቱ ሲጣሉ የሚዳኙት እሳቸው ዘንድ፣ ልጅ ሲድሩ የሚያስቀድሙት እሳቸውን ሆነ። የተመረቀው ሰው የቤቱ ምሰሶ ነው። እማማም ሲያረጁ ልጆቹ «እንግዲህ መርቂ» አሏቸው፤ እንቢ አሉ። «በጨለማ አልመርቅም። ይስሐቅ በጨለማ መርቆ ወንድማማቾችን አላጣላቸውም? ማንን እንደምመርቅ እግዜር በዓይኔ ያሳየኝ። ዓይኔ ከበራ፣ መጀመሪያ ያየሁትን ፊት እመርቃለሁ። ካልበራ ምርቃቴን ይዤ እቀበራለሁ» ብለው ተሳሉ። ስለት ደግሞ አይሻርም።

አንዳርጌ የዘመቻውን ወሬ በሰማ ዕለት ማጭዱን ጥሎ መጣ። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል፤ ገና አልተከመረም። ድንጋዩን አስቀመጠና አጠገቡ ቁጭ አለ። በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። በኅዳር ዝናብ፣ አያድርስ ነው! «አንዳርጌ፣ ሩጥና ጤፍህን ከምር» አልኩት። «ድንጋዬን ይጠብቁልኛል ጋሼ?» አለኝ። «ሕግ ሕግ ነው» አልኩት። አሁን ሳስበው ምን አለበት ብጠብቅለት ኖሮ? አፌን በቆረጠው! ዝናቡ ወረደ። ጋቢውን ተከናንቦ ከድንጋዩ አጠገብ ሳይነቃነቅ ዋለ፤ የዓመት ቀለቡ እዚያ ሜዳ ላይ በሰበሰ። በሦስተኛው ቀን ተራ የሚይዙበት ወረቀት ሲታደል ሰባ ዘጠነኛውን ተቀበለ፤ የመጨረሻው ቀን ማለት ነው። «ደረሰኝ» አለ ብቻ።

ማሬ ደግሞ እቤት ከእናቷ ጋር ትታገላለች። እማማ ለዓይናቸው ተስለው ሳለ ምላጭ ሲባል ሸሹ። «ዓይን በምላጭ? ጨለማዬ ይሻለኛል!» ብለው የቤቱን ምሰሶ አቅፈው አልነሣም አሉ። ማሬ ለመነች። ጎረቤት ለመነ፤ የንስሐ አባታቸው ለመኑ። ወይ ፍንክች! ተራቸው ነገ ነው። ማሬ በሕይወቷ እናቷን ዋሽታ አታውቅም፤ ያን ጠዋት ግን ከደጅ እየሮጠች ገባችና «እማዬ፣ ይልቃል መጥቷል! ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ስምሽን እየጠራ ነው» አለች። እማማ ምሰሶውን ለቀቁ። ወንዙን በማሬ ጀርባ ተሻገሩ፤ የቀረውን የሦስት ሰዓት መንገድ አንድ ጊዜ «ደከመኝ» ሳይሉ መጡ። ውሸት ነው፣ አዎ። ያ ውሸት ባይኖር ግን አንዳርጌ ወረቀቱን እንደ ያዘ ይቀር ነበር።

እዚህ ደርሰው «ልጄ የታል?» ቢሉ ልጅ የለም። ማሬ እግራቸው ላይ ወደቀች። እማማ አልተቆጡም። እኔ ግን ቢቆጡ ይሻል ነበር አልኩ። ሲስተር ሰሎሜ ክንዳቸውን ጠቅልላ የደም ግፊታቸውን ብትለካ ሁለት መቶ ሃያ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ግፊት ዓይን አይነካም፤ ደም ይፈስበታል» አለ። ኪኒን ሰጧቸው። ቢለኩ ያው፣ ደግመው ቢለኩ ያው። «እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ካልወረደ ተራው ለሌላ ሰው ነው» ተባለ። አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ማሬን እንዴት አድርጎ እንዳያት! «ዋሽተሽ ገደልሻት» አላት። እሷም «ሳልዋሽ ትመጣልህ ነበር?» አለችው። እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱም እውነት ሆነብኝ።

ማሬ ከመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ስልክ ለምና፣ ከማንም ደብቃ ባቆየችው ቁጥር ደወለች። ይልቃል ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የአሸዋ መኪና ረዳት ሆኖ ይሠራል። «የእማዬ ግፊት አልወርድ አለ፤ አንተን ብላ ነው» አለችው። መሐላውን አስቡት። ጥፊውንም አስቡት፤ የመታው ሰውዬ እዚሁ በር ላይ ቆሟል። ይልቃል ሾፌሩን እንኳ ሳይሰናበት፣ ባገኘው መኪና ሁሉ እየተንጠላጠለ፣ በማግሥቱ አምስት ሰዓት ላይ አፈር ለብሶ ከች አለ። ከአንዳርጌ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዱላዬን ጠበቅ አደረግኩ። ይልቃል ግን አልፎት ገባና ግንባሩን በእናቱ ጉልበት ላይ አደረገ። እማማ ፀጉሩን አሸተቱ፣ ፊቱን ዳሰሱ። «ይሄ ደግሞ የማን ጢም ነው?» አሉ እያለቀሱ። እጁን ይዘው ተቀመጡ። በሰባት ሰዓት ተኩል ሲስተር ለካች፤ ወርዷል! ኪኒኑ ነው አለ ሐኪሙ። ልጁ ነው እላለሁ እኔ። ብቻ ወረደ። ስምንት ሰዓት ላይ ገቡ፤ የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈና በፋሻ ታሸገ።

በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሊፈታ ነው። የሚፈታበት ክፍል የድሮው ዕቃ ቤት ነው፤ በሽተኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ብቻ ይገባል። ይህ ሕግ እንኳ የኔ አይደለም፣ የሆስፒታሉ ነው። በሩን የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ። ሦስቱም መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ጤፌን ያውቃሉ» አለ አንዳርጌ።

«እኔን አይታኝ አታውቅም ጋሼ» አለ ይልቃል። «የምታውቀው ያን ልጅ ነው። ይሄን ፊት አይታው አታውቅም።»

ማሬ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። «አንቺስ?» ብላት፣ «እኔ ዋሽቼ ነው ያመጣኋት፤ ምን አፍ አለኝ?» አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እናቷን ያጎረሰች፣ ያጠበች፣ ደጅ ያወጣችና ያስገባች ሴት ናት እንዲህ የምትል።

«በቃ ሦስታችሁም ግቡ፤ ሕጉ ገደል ይግባ» አልኩ። አንዳርጌ ግን «ሦስት ብንገባም ዓይኗ አንዳችን ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ሌሎቻችን ተጋፍተን የተሸነፍን እንሆናለን። እርስዎ ይፍረዱና ይለይልን» አለ። ይልቃልም ራሱን ነቀነቀ። ስምንት ዓመት ተኳርፈው፣ የተስማሙት በዚህችው ብቻ ነው። እኔን ለማስጨነቅ!

ከውስጥ የሲስተር ድምፅ ይሰማኛል። ፋሻውን ፈታችው።

«እማማ፣ ዓይንዎን ይግለጡ።»

«ፊቴ ያለሽው ማነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ሰሎሜ።»

«ዘወር በይልኝ የኔ እናት፤ ምርቃቴን ልትወስጂብኝ ነው!»

በሽተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ሲስተርም እየሳቀች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «እሺ እማማ፣ እርስዎ ይምረጡ። ማን ይግባ?»

«እናት ልጅ ትመርጣለች? መምረጥ ብችል ስለት ምን አስፈለገኝ? እግዜር በሩን የከፈተለት ይግባ» አሉ፤ ዓይናቸውን ጭምድድ አድርገው እንደ ጨፈኑ።

በሩን የያዝኩት ግን እግዜር አይደለም፣ እኔ ነኝ!

ለአንዳርጌ ከፈት አደረግኩ። ያ ጤፍ የበሰበሰው በኔ ሕግ ነውና ዕዳ አለብኝ። ግን ይልቃልን ከአገር ያስወጣው፣ እናቱንም ያስለቀሰው የአንዳርጌ ጥፊ አይደለም እንዴ? ዘጋሁ። ለይልቃል ልከፍት አልኩ። መሐላውን ለእናቱ ሲል ዋጠ፤ እሱ ባይመጣ ምላጩም አይነካቸውም ነበር። ግን ያን ስድስት የጨለማ ዓመት የት ነበር? የአንድ ቀን መንገድ ነው እኮ! ዘጋሁ። ወደ ማሬ ዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ እሷ ነው። ግን ውሸቷ ግፊታቸውን አንሮ ለጥቂት ሁሉን ነገር አበላሽቶ ነበር። ደግሞስ በውሸት የተገኘ ምርቃት ይፀናል? እሷ ራሷ እንኳ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ያስቀድማታል ወይስ ያስቀራታል? በሩን ስከፍት ስዘጋ ማጠፊያው ጮኸ።

«ጋሽ ወንድይፍራው!» አለች ሲስተር ከውስጥ። «እንባ እየመጣባቸው ነው፤ ቁስሉን ይጎዳዋል! አንዱን ያስገቡ፣ ቶሎ!»

አንዱን አስገባሁ። ማንን እንደሆነ አልነግራችሁም። የገባው ተመረቀ፤ የቀሩትም ሁለቱ ክፉ አልተናገሩኝም። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያን በር ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ «ልክ ነበርኩ ወይ?» እላለሁ። ዳኛ ጠየቅኩ፣ «እንጃ» አለኝ። ቄስ ጠየቅኩ፣ «ጸልይ» አሉኝ። ሚስቴን ጠየቅኳት፣ ሦስት ቀን ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠችኝ።

ካርድ ክፍሉ እስኪከፈት ገና ነው፤ እንግዲህ ተሟገቱ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ፣ ሦስቱ ደጅ ቆመዋል፣ የበሩ እጀታ ደግሞ በእናንተ እጅ ነው። ማን ይግባ?