ብረቱን ያቀፈው አጥንት

በአንድ ወቅት፣ ከዛሬ ብዙም ሳይርቅ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ይርጋ የሚባል ትራምፔት ነፊ ነበር። ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም ይባል ነበር። አንድ ቀን የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠና ሁለት የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ከንፈሩን የሚያስደግፈው በጥርሱ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ መሣሪያውን አፉ ላይ ሲያደርገው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

የሄደባቸው ሐኪሞች ሁሉ የመንጋጋው አጥንት ስስ ስለሆነ ጥርስ አይተከልበትም ብለው መለሱት። ዶክተር ራህማ ግን ራጁን ደጋግማ አይታ እሞክራለሁ አለች። ባይሳካ ስሟ እንደሚጠፋ ታውቃለች። ከራሱ አገጭ ቁራጭ አጥንት ወስዳ ስሱን ቦታ ደገፈችው፤ ጥርስ የሚገጠምባቸው ሁለት የቲታኒየም ብሎኖችም አጥብቃ ተከለችበት።

«ብሎኑን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ የሚይዘው ግን አጥንትዎ ነው። እሱን ማዘዝ አልችልም» አለችው።

ሰውነት መጀመሪያ የቆሰለውን አጥንት እያነሳ፣ ከዚያ አዲሱን ቀስ በቀስ እንደሚሠራ አስረዳችው። ስለዚህ ሕመሙ ጠፍቶ ሰው ድኛለሁ በሚልበት ሰሞን ብሎኑ ይበልጥ ይላላል። ወራት መታገሥ አለበት።

ይርጋ ግን ሕመሙ እንደለቀቀው በጊዜያዊ ጥርስ ሊነፋ ተነሳ። ሚስቱ አስካለ ትራምፔቱን ከእጁ ነጥቃ ሐረር ወንድሟ ቤት ወስዳ አስቀመጠችው። ይርጋ አኮረፈ፤ መኝታውንም ለየ። እሷ በየቀኑ አጥሚቱን ታቀርብለት ነበር። አንድ ቀን፣ «ብትጠላኝም ግድ የለም፤ ጥርስህ ይዳን» አለችው።

በዚህ መሐል የባንዱ አለቃ በይርጋ ቦታ ሌላ ሰው ሊቀጥር መሆኑ ተሰማ። ይርጋ ደንግጦ ትራምፔቱን ሊያመጣ ወደ ሐረር ሊሄድ ሲል፣ እንደ እሱ ትራምፔት ነፊ የሆነው ጓደኛው ማንያዘዋል ደረሰ። ማንያዘዋልን አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ባንድ ጠርቶት ነበር። እሱ ግን ቀርቶ፣ ይርጋ እስኪድን በፋንታው ሊነፋ ከአለቃው ጋር ተስማምቷል። በቋሚነት ያዘው ሲባልም፣ «ቦታው ባለቤት አለው» ብሎ መለሰ። ይርጋ ይህን ሲሰማ መንገዱን ተወ። የአዲስ አበባው ጥሪ ግን ሁለተኛ አልመጣም።

ወራቱ አልፈው ይርጋ፣ ራህማ፣ አስካለና ማንያዘዋል አዲሱን ራጅ ከበው ቆሙ። ነጩ አጥንት በብሎኑ ጥምዝ ጠርዞች መሐል ገብቶ ብረቱን ግጥም አድርጎ አቅፎታል፤ ፀጉር የምታስገባ ክፍተት እንኳ የለም። ራህማ ብሎኑን በቀስታ መታ ስታደርገው መጽናቱን የሚነግር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ስንቱን ያየችው ራህማ እንኳ ደግማ መታ አድርጋ አዳመጠችው። ይርጋ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ አለቀሰ። እሱ ሲያኮርፍም፣ ሲተኛም፣ ተስፋ ሲቆርጥም ያ አጥንት ሥራውን አላቋረጠም ነበር።

አዲሶቹ ጥርሶች ከተገጠሙለትና አስካለ ትራምፔቱን ከሐረር ካመጣችለት በኋላ፣ ይርጋ የመጀመሪያውን ዜማ ከሁሉ ለሚበልጠው ባለውለታዬ እነፋለሁ አለ።

ራህማ፣ እኔ ባልደፍር ብሎኑ አይገባም ነበር፤ አልጋ ለያዘች እናቴ ይንፉላት አለች። አስካለ፣ እኔ ባልከለክል ይነቀል ነበር፤ የሠርጋችንን ዜማ ለእኔ አለች። ማንያዘዋል፣ እኔ ባልጠብቅልህ አትታገሥም ነበር፤ በጠበቅሁልህ መድረክ ላይ ንፋልኝ አለ።

ይርጋ ትራምፔቱን እንደያዘ ሦስቱን በየተራ አያቸው። ማንም አልዋሸም።

እስቲ ፍረዱ፤ የመጀመሪያው ዜማ የሚገባው ለማን ነው?