ገመዱና እፍኙ

በአንድ ወቅት፣ ገማች መጥቶ ሳያይ ማጭድ የማይነሳበት አገር ነበር። ገማቹ የገዥው ሰው ነው፤ በበቅሎ ይመጣና የቆመውን እህል በዓይኑ ብቻ ለክቶ «ከዚህ ይህን ያህል ለገዥው» ይላል፣ አለቀ። ቶሎ ቢመጣ ደግ ነበር። እሱ ግን ጠጅ በተጣለበት ቤት ሁሉ እየተቀመጠ ስለሚዘገይ፣ ገበሬው ማጭዱን ስሎ ወፍ ሲያባርር ይከርማል። በዚያ አገር ትርንጎ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ሸማኔ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን በእንዝርቷ ታሳድጋለች። መሬት ስለሌላት ገማቹ ደጇን አያውቀውም፤ እህሉንም ጨዉንም ጥጡንም ከገበያ ትሸምታለች። ሁለት ወንድሞችም አሏት።

ታላቅ ወንድሟ ዘውዱ ገበሬ ነው። አንድ ዓመት ጤፉ ደርሶ ሳለ ገማቹ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደና እህሉን ከጭቃ ደባለቀው። ገማቹ ሲመጣ ታዲያ የገመተው ጭቃውን ሳይሆን፣ እንዳልተበላሸ ቆጥሮ ጤፉን ነው። ዘውዱ ያን ክረምት ዘር አጥቶ፣ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። በመጨረሻ «ሰው ከሚያመርተው ለምን ይወሰድበታል? ከሚሸምተው ይወሰድ» አለ። «በገበያው በር አንድ ሰው ይቁምና ከተሸመተው ሁሉ እፍኝ ይዝገን። ብዙ የሚበላ ብዙ ይሰጣል።» እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ማንም አላሰበም።

ነገር ግን ገዥው የአንድ ገበሬ ቃል አይሰማም። ገበሬው ደግሞ ማሳውን ጥሎ መንደር ለመንደር አይዞርም። እየሄዱ መሥራት የሚችል እንዝርት የያዘ ሰው ነው፤ ስለዚህ ትርንጎ ተነሳች። ከገዛ ጥጧ ገመድ ገመደች፣ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጠች፣ ሁለት ወር ሙሉ ዞረች። ሐሳቡን የወደደ ግብር ከፋይ ሁሉ በገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠረ። የአገሩ ልማድ ነውና በግብር ጉዳይ ግብር የማይከፍል አይጠየቅም። በአንድ መንደር፣ የሰው እህል ፈጭታ የምታድር እልፌ የምትባል ሴት እጇን ዘርግታ «እኔም ልቋጥር» አለቻት።

«አንቺ ምን ግብር አለብሽና ነው እህቴ?» አለች ትርንጎ በደግነት። ራሷም አልቋጠረችም።

ታናሽ ወንድሟ ጓንጉል በየሰርጉ እየዘፈነ የሚኖር ሰው ነው፤ ድምፁ ወንዝ ይሻገራል። ገመዱን ተሸክሞ ከገዥው አጥር ሥር ቆመና «አቤት!» አለ። ዘበኞቹ ገረፉት፤ «አቤት!» አለ። ሰባት ቀን ጮኸ። በስምንተኛው ቀን ገዥው ሦስቱንም አስጠራቸው፤ ጓንጉል ግን ከዚያ ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ ድምፅ ወጥቶት አያውቅም።

ገዥው ቋጠሮዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። ከዚያም ዘውዱን «በሦስት ዓመት ውስጥ ጎተራዬ ቢጎድል መሬትህን እወስዳለሁ» አለው።

«ይሁን» አለ ዘውዱ።

ግምቱ ቀርቶ እፍኙ እንዲተካ አዋጅ ወጣ። ገዥውም ማኅተሙ ያረፈበት ቁራጭ ቆዳ ሰጣቸው። «ይህን የያዘ ቤት ከእፍኙ ነፃ ነው። አንድ ቤት ብቻ። የማን እንደሚሆን ተስማምታችሁ ንገሩኝ፤ ከእናንተ ውጭም ቢሆን የፈለጋችሁትን ሰው ስም ጥሩ» አላቸው።

ያን ዓመት ገበሬው ባሰኘው ቀን አጨደ። እውነቱን ላለመሸሸግ፣ ልጆቹን ሲያስርብ የኖረ ብዙ ቤት ያን ዓመት ጠገበ። ትርንጎ በወንድሟ አውድማ ላይ ቆማ በደስታ አለቀሰች።

ቅዳሜ ገበያ ወጣች። ገብስ ሸመተች፤ በሩ ላይ እፍኝ ተዘገነባት። ከጨዉ እፍኝ። ከጥጡም እፍኝ። የዘጋኙ እጅ ሰፊ ነው፤ ገዥው የሾመው እጁን አይቶ ሳይሆን አይቀርም። ዘውዱ ከጨው በቀር እምብዛም የሚሸምተው የለውም፤ ብዙ ይበላል የተባለው ባለጠጋም የሚበላው ከራሱ ጎተራ ነው። የትርንጎ ቤት ግን የሚቀምሰው ሁሉ በዚያ በር ያልፋል። በሦስተኛው ወር ልጆቿ በቀን አንዴ መብላት ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ እልፌን አገኘቻት። የእልፌ ቁና በሩ ላይ ሲደርስም ሙሉ አልነበረም፤ በሩን ሲያልፍ ደግሞ ይባስ ጎደለ።

«ያን ጊዜ ቋጠሮዬን አልፈለጋችሁትም» አለች እልፌ፤ «እፍኜን ግን ፈለጋችሁት።»

ትርንጎ እስከ ቤቷ ድረስ እያፈረች ሄደች።

በማግስቱ ሦስቱ በዘውዱ ቤት ቆዳውን መሐል አድርገው ተቀመጡ።

«ሐሳቡ የኔ ነው። መሬቴም መያዣ ሆኗል፤ ነገ ቢወሰድብኝ እኔም ሸማች ነኝ» አለ ዘውዱ።

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ ሹክ አለ። «እኔ መተዳደሪያዬን ሰጠሁ። ከእንግዲህ ማን ለሰርግ ይጠራኛል?»

ሁለቱም ትርንጎን አዩ። የምትለውን ሌሊቱን ሙሉ ስትሰናዳ ነው ያደረችው፤ ጥጡ የኔ፣ የዞረው እግር የኔ፣ የተራቡት ልጆች የኔ። ሁሉም እውነት ነው። ቆዳውን ከመመኘቷ ብዛት እጇ ሳታዝዘው ወደ መሐል ሄደ። የእልፌን ስም ብትጠራ ልጆቿን ምን ትላቸዋለች? ባትጠራስ ነገ በዚያ በር በምን ዓይኗ ታልፋለች? ደግሞ እንደ እልፌ ያለው ስንቱ ነው፣ ቆዳው ግን አንድ።

«በይ እንጂ፣ እህት ዓለም» አለ ዘውዱ።

ትርንጎ ቆዳውን ትታ ከጎኑ የነበረውን ገመድ አነሳች፤ ቋጠሮ በቋጠሮ እየዳሰሰች እስከ ጫፉ ደረሰች። ከጫፉ አንድ ስንዝር ሳይቋጠር ቀርቷል።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ፣ ቆዳው እስካሁን መሐል እንደተቀመጠ ነው። አስቦ መሬቱን ያስያዘው ዘውዱ ይውሰደው? ድምፁን የከፈለው ጓንጉል? ገመዱን ገምዳ የዞረችው፣ ልጆቿ የሚራቡባት ትርንጎ? ወይስ ልቋጥር ብላ የተከለከለችው እልፌ? ትርንጎን ብትሆኑ፣ የማንን ስም ትጠራላችሁ?