ቧንቧውን ደጋግሞ የከፈተው ሰው

አንድ ቆዳ ነጋዴ አመሻሽ ላይ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ እጁን ከሥሩ ዘርግቷል። ስሙ ድንበሩ ነው። ውሃው ይሞቃል። ዘጋው። በረንዳው ላይ ትንሽ ተቀመጠና ተመልሶ ከፈተው። አሁን ለብ ያለ መሰለው።

ልጁ ውድነሽ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ናት። የመጀመሪያ ልጇን በተወለደ ማግስት የዚህ ደጋ ብርድ ገድሎባታል። ያን ትንሽ ገላ ታቅፎ የቀበረው ድንበሩ ነው። ቅዝቃዜው እስከ ዛሬ ከመዳፉ አልወጣም። አሁን ለሚወለደው ሙቅ ውሃ እንዳይጠፋ ፈርቷል።

ከተማዋ መብራት የምታገኘው ከፀሐይ ነው። ቀትር ላይ ይተርፋል፤ ሲመሽ በባትሪ የቆየው ጥቂቱ ብቻ ይቀራል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ሁሉ ይበራና ያጥራል። ስለዚህ ሰዉ ተሰብስቦ ተስማማ፤ ቀን የተረፈው መብራት በየቤቱ ቦይለር ውሃ አሙቆ ይቀመጥ፣ ሲመሽ ቦይለሩ ሁሉ ይጥፋና ያለው መብራት ለምድጃውና ለጤና ጣቢያው ይድረስ። በየቦይለሩ ላይም ከሩቅ ሆኖ የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥን ተገጠመ። "ቦይለሩን ጎተራ ነው በሉት" ብለዋቸው ነበር ሳጥኑን የገጠሙት ሰዎች። "ቀን ያስገባችሁትን ማታ ታወጣላችሁ።"

ድንበሩን ያስፈራው ያ ሳጥን ነው። ከሩቅ ማጥፋት የቻለ እጅ፣ ሙቀቱንስ መውሰድ ምን ያቅተዋል?

እንደገና ከፈተ። ይብሱን ቀዝቅዟል። በአጥሩ በኩል ጎረቤቱን አንጓችን ጠራ።

"እቴ አንጓች፣ ሙቅ ውሃዬን እየወሰዱብኝ ነው።"

"ማን?"

"በሳጥኑ በኩል ነዋ። ያንቺስ?"

"ከቀትር ወዲህ አልነካሁትም። ደግሞ አንተ ውሃ በሽቦ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?"

"ሳቂ አንቺ። ምጥ ላይ ያለችው ያንቺ ልጅ አይደለችም።"

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰሙ። ወሬው ከአጥር አጥር ዘለለ። ድንበሩ ሳጥኑን ነቅሎ ሽቦውን በቀጥታ ከቦይለሩ ጋር ቀጠለው። ሌላውም ፈርቶ እንደሱ አደረገ፤ ሌላውም። ምድጃው ሁሉ እንደበራ ቦይለሩ ሁሉ ተጨመረበት። የድንበሩ አምፖል ደበዘዘ፣ ቀላ፣ ጠፋ። ወጥቶ ቁልቁል ቢያይ ከተማዋ የለችም። ጤና ጣቢያውም የለም።

ብዙም ሳይቆይ አማቹ፣ የውድነሽ ባል፣ እያለከለከ ደረሰ። "ወንድ ነው" አለ። "ግን የሕፃናቱ ማሞቂያ ጠፋ። ልጁ እየቀዘቀዘ ነው። አዋላጇ ሙቅ ውሃ አምጡ ብላለች።"

ድንበሩ ቧንቧውን ከፈተ። የወጣው እንደ ወንዝ ውሃ የቀዘቀዘ ነው።

አንጓች የአማቹን ቃል በአጥሩ ሰምታ ኖሮ ጀሪካን ይዛ ገባች። ከጀሪካኑ አፍ እንፋሎት ይወጣል። አማቹ ተቀብሏት ወደ ፊት ሮጠ፤ እነሱ ተከተሉት።

"ያንተን ማንም አልወሰደውም" አለችው በጨለማው ውስጥ። "ሙቁን ባፈሰስክ ቁጥር ቀዝቃዛው እየገባበት ነው። የእኔ የቆየው ስላልነካሁት ነው። በል ፍጠን።"

ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጇ በባትሪ ብርሃን ውሃውን በጠርሙሶች ሞላች፤ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ጠቀለለች። ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ አስተኝታ ጠርሙሶቹን በግራና በቀኝ አደረገችና በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ሕፃኑ ድምፅ የለውም።

ድንበሩ አላስቻለውም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ እግሩን ዳሰሰው። ሸፈነው። ሞቋል ወይስ የራሱ እጅ ነው? እንደገና ገለጠ። ዳግመኛ ሊገልጥ ሲል አዋላጇ እጁን ያዘችው። ስለ ቧንቧው የነገራት የለም።

"አባባ፣ ይተዉት" አለችው በቀስታ። "ሙቀቱ የሚወጣው እርስዎ በገለጡት ቁጥር ነው። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ሊጠብቀው የሚፈልገውን ራሱ ያባክነዋል። የተከማቸ ነገር የሚቆየው አምኖ የሚተወው ሰው ሲያገኝ ነው። እጅዎን ከላይ ያድርጉና ይጠብቁ። ሳይገልጡ መጠበቅ ይችላሉ?"